ቅጠሉን ትታችሁ ሥሩን እዩ

ከኋላ የተቀመጣችሁ ወንበራችሁን ሳብ አድርጋችሁ ቀረብ በሉ፤ የዛሬው ነገር ከሩቅ አይታይም።

ይህ ጠረጴዛው ላይ የምታዩት ኦርኪድ እዚሁ ከመካከላችን የተቀመጡ የአንዲት እናት ነው። ልጃቸው ለእናቶች ቀን ሰጠቻቸው። አበባው ሁለት ወር ተኩል አምሮበት ቆየና ረገፈ። ከዚያ ቅጠሉ መጨማደድ ጀመረ። ጠምቶት ይሆናል ብለው ውሃ ጨመሩለት፤ ባሰበት። አሁንም ጨመሩለት። በመጨረሻ «ልጥለው ነው፤ ለትምህርትህ የሚሆንህ ከሆነ ግን ውሰደው» ብለው ሰጡኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። በፈቃዳቸው ዛሬ እዚሁ ፊታችሁ ከዕቃው አውጥተን ውስጡን እናየዋለን።

ዞር ብላችሁ እንዳታዩዋቸው። እሳቸው ያደረጉት ማናችንም ብንሆን የምናደርገውን ነው። ቅጠል ሲጠወልግ ውሃ ማጠጣት ከልጅነታችን የምናውቀው ነገር ነው፤ ለጎመን ይሠራል፣ ለጤና አዳም ይሠራል፣ ለበሶብላም ይሠራል። ለዚህ ተክል ግን ብዙውን ጊዜ አይሠራም። የታመመ ኦርኪድ ቅጠል «ውሃ አልደረሰኝም» ይላል እንጂ ለምን እንዳልደረሰው አይናገርም። የሚያጠጣው ሰው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃው በዝቶ የሚጠጣበት ሥር በስብሶም ሊሆን ይችላል። የሁለቱም ቅጠል አንድ ዓይነት ነው፤ የተጨማደደ፣ የለሰለሰ፣ የወደቀ። መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ሥሩን ሳታዩ የምታደርጉት ሁሉ ግምት ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አስቀድሜ ይህ ተክል ምን እንደሆነና እንዴት ቤታችን እንደገባ ትንሽ ልበል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ በየሱፐርማርኬቱ መግቢያ ተደርድሮ የሚሸጠው ኦርኪድ ከሞላ ጎደል አንድ ወገን ነው፤ ፋላኖፕሲስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት በጃቫ ደሴት ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሉድቪግ ብሉመ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825። (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።) ድሮ ኦርኪድ የባለጸጋ ጌጥ ነበር። ዘሩ እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ በውስጡ ስንቅ የለውም፤ በዱር የሚበቅለው የሚመግበው ፈንገስ ሲያጋጥመው ብቻ ነው። በ1922 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ባለበት የረጋ ምግብ ላይ ዘሩን ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ። በ1960 ደግሞ ጆርጅ ሞሬል የተባለ ፈረንሳዊ ከተክሉ የማደጊያ ጫፍ ከተቆረጠች ቅንጣት ኦርኪድ ማባዛት እንደሚቻል አሳተመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የፋብሪካ ሥራ ሆነ። ዛሬ ታይዋንና ኔዘርላንድስ በብዙ ሚሊዮን ያመርቱታል፤ እኛም 20 ዶላር በማይሞላ ዋጋ ገዝተን አራስ እንጠይቅበታለን፣ ቤት እናስመርቅበታለን። በአገራችን ዳቦና ስኳር ይዘን የምንሄድበት ቦታ ሁሉ እዚህ ኦርኪድ ገብቶበታል።

ርካሽ መሆኑ ግን አንድ የማልወደው ልማድ አመጣ። አበባው ሲረግፍ ተክሉ እንደ ተቆረጠ ጽጌረዳ ይጣላል። ኦርኪድ በደንብ ከተያዘ አሥርት ዓመታት የሚኖር ተክል ነው፤ አበባው ሲረግፍ ሥራውን ጨርሶ ማረፉ ነው። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ሰማያዊውን ይገዛል። ያ ሰማያዊ ቀለም በዘንጉ በኩል የገባ ነው፤ በሚቀጥለው ሲያብብ ነጭ ሆኖ ይመጣል። ተታለልኩ ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ ነጩ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ፋላኖፕሲስ አፈር ውስጥ አይኖርም። በፊሊፒንስ፣ በኢንዶኔዥያና በአካባቢው ባሉ ሞቃት ደኖች ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። ዛፉን አይመጠውም፤ ተቀምጦበት ብቻ ነው። ከመካከላችሁ የጅማ፣ የከፋ፣ የኢሉባቦር ልጆች ካላችሁ ይህን አኗኗር አይታችሁታል፤ ምናልባት ስሙን ሳታውቁ። በቡና ጫካ ውስጥ፣ በትልልቆቹ የጥላ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዳንዴም ባረጀ የቡና ግንድ ላይ ሥሩን ዘርግቶ የሚቀመጥ የራሳችን ኦርኪድ አለን። ኤራንጊስ የሚባለው ነጭ አበባ አለው፤ የሚሸተውም ማታ ነው፤ የሚያዳቅሉት የሌሊት የእሳት ራቶች ናቸውና። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ2004 የኢትዮጵያን ኦርኪዶች መለያ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ አገራችን ስንት ዓይነት እንዳላት ያየሁት በዚያ ነው። ቡና ለቃሚው ግንዱን ሲያጸዳ አብሮ የሚልጠው ያ «ሥራ ፈት» ተክል ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ካለው ጋር ዘመድ ነው።

እንግዲህ ዛፍ ላይ የሚኖር ተክል ውሃ እንዴት እንደሚያገኝ አስቡ። ዝናብ ይመጣል፣ ቅርፊቱን ያርሳል፣ ወርዶ ይሄዳል። ነፋሱ ተከትሎ ይመጣል፤ ብዙም ሳይቆይ ሥሩ ይደርቃል። ርጥብ፣ ደረቅ፣ ርጥብ፣ ደረቅ። አንድም ቀን ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አያድርም። ሥሩም የተሠራው ለዚህ ኑሮ ነው። ይህን ከዕቃው ውጭ የተንጠለጠለውን ሥር እዩልኝ። ብርማ ነጭ ነው አይደል? ይህ ሽፋን ቬላመን ይባላል፤ ሕይወት በሌላቸው ባዶ ሕዋሳት የተሠራ ስፖንጅ ነው። አሁን ጠብታ ውሃ ላድርግበት... አያችሁ? ወዲያው አረንጓዴ ሆነ። ስፖንጁ ውሃ ሲጠጣ ብርሃን ያሳልፍና ከሥር ያለው አረንጓዴ ሕዋስ ይታያል። ስለዚህ ሥሩ ራሱ ይነግራችኋል፤ ብርማ ሲሆን ደርቋል፣ አረንጓዴ ሲሆን ጠጥቷል። ለዚህ ነው ፋላኖፕሲስ በግልጽ ፕላስቲክ መትከያ ቢተከል የምመርጠው። የሚያምረው ሸክላ ይህን ሁሉ ይሸፍንባችኋል።

ሥር ደግሞ ይተነፍሳል። ያ ስፖንጅ ቀን ከሌት ውሃ እንደሞላው ከቆየ አየር አያስገባም። ውስጡ ያለው ሥር ታፍኖ ይሞታል፤ ከሞተ በኋላ ፈንገስና ባክቴሪያ ይገባበታል። የሞተ ሥር ውሃ አይጠጣም። በዚህ ምክንያት ኦርኪዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይሞታል። ባለቤቱ ቅጠሉን አይቶ ውሃ ይጨምራል፤ የቀሩትም ሥሮች ይታፈናሉ። የእኚህ እናት ተክል ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል፤ እስቲ እንክፈተውና እንየው።

ይህ የውጭው ዕቃ ጌጥ ነው። ልገልብጠው። ታችኛው በኩል ቀዳዳ የለውም። በውስጡ ደግሞ የፕላስቲክ መትከያ አለ፤ እሱ ቀዳዳ አለው፤ ግን ከቀዳዳው የወጣው ውሃ የት ይሂድ? ሸክላው ውስጥ ተጠራቅሟል። ይኸውና ባልዲው ውስጥ ልድፋው። ሽታው ደረሳችሁ? የፊት ረድፍ ፊታችሁን አጨፈገጋችሁ፤ ደርሷችኋል ማለት ነው።

አሁን ተክሉን ከፕላስቲኩ አወጣዋለሁ። አልጎትተውም፤ ፕላስቲኩን ከውጭ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ አላቅቀዋለሁ። ላይ ላዩ ቅርፊት ነው፤ ብትነኩት ደረቅ ነው። አሁን ግን መካከሉን እዩ። ይህ እንቁላል የሚያህለው የታጨቀ ጥቁር ነገር ስፋግነም የሚባል ሞስ ነው። ተክሉ ችግኝ ሳለ ያደገው በዚህ ውስጥ ነው፤ ሲያድግ አብቃዩ ይህን ሳያወጣ ዙሪያውን ቅርፊት ሞላበትና ለገበያ ላከው። ሙቀቱና ነፋሱ በሚለካበት ግሪንሃውስ ውስጥ ጉዳት የለውም። ቤታችን ሲገባ ግን ዙሪያው ያለው ቅርፊት በሦስት በአራት ቀን ይደርቃል፣ ልቡ ግን ለሳምንታት እንደ ጨቀየ ይቆያል። እናታችን ጣታቸውን ላይኛው ቅርፊት ላይ አድርገው «ደርቋል» ብለው አጠጡ። ጣታቸው አልዋሸም፤ የነካው ግን ትክክለኛውን ቦታ አልነበረም።

ሁሉንም አራግፌ ለብ ባለ ውሃ ሥሩን አጥባለሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ነጭ ያልሆነውን ሥር ሁሉ ይቆርጣል። ቀለሙን አትመኑ። ብርሃን ሳያይ ዕቃ ውስጥ የኖረ ሥር ቢጫም ቡናማም ሊሆን ይችላል፣ ግን ጤነኛ ነው። የሚታመነው ጣት ነው። በሁለት ጣት መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ጠንካራ ከሆነ በሕይወት አለ። ከለሰለሰና ስትጎትቱት ቆዳው ተገፎ ቀጭን ክር ብቻ እጃችሁ ላይ ከቀረ ሞቷል። ይህ ሞቷል። ይህም። ይህ... ይህ ደህና ነው፤ ነክታችሁ እዩት፣ ተቀባበሉት፤ ግን ተክሉን ከታች ያዙት። ይህ ግማሹ የሞተ ነው፣ ጤነኛው ክፍል እስኪጀምር እቆርጠዋለሁ።

የምቆርጠው በምላጭ ነው፤ ለአንድ ተክል አንድ ምላጭ፣ ከዚያ ይጣላል። ኦርኪዶች ከአንዱ ወደ ሌላው በስለት የሚተላለፍ ቫይረስ አላቸው፤ መድኃኒትም የለውም። መቀስ የምትጠቀሙ ከሆነ ስለቱን በእሳት ለብልቡት። አልኮል ለብዙ ነገር ጥሩ ነው፤ ለእነዚህ ቫይረሶች ግን አስተማማኝ አይደለም። ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነስንሱ የሚል ምክር የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ቀረፋ ያደርቃል። ትንሽ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ከሆነ ግድ የለም፤ ጤነኛው ሥር ላይ ከተበተነ ግን እሱንም ያደርቀዋል። እኔ ቀረፋውን ለሻይ እተወዋለሁ።

ቆጠርን፤ ሦስት ደህና ሥርና ግማሽ ቀርቶታል። ይህ ተክል ይተርፋል። ቅጠሉን አይታችሁ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ትሉ ነበር።

በእንክብካቤ የሞተ ኦርኪድ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዞች ከሞቃት አገሮች ኦርኪድ በመርከብ እያስመጡ ያስገቡበት ጊዜ ነበር። ከሞቃት አገር የመጣ ነገር ሙቀትና እርጥበት ይፈልጋል ብለው በከሰል ምድጃ በሚሞቅ፣ መስኮቱ በተዘጋ፣ እንፋሎት በሞላው የመስታወት ቤት ውስጥ አጎሩት። ጆን ሊንድሌይ የተባለው ታላቅ የኦርኪድ ሊቅ ሳይቀር በ1830 ገደማ ከፍተኛ ሙቀት፣ እርጥበትና ጥላ ይመክር ነበር። ተክሎቹ አለቁ። ነገሩን መቀየር ከጀመሩት አንዱ በቻትስዎርዝ የዴቮንሺር መስፍን አትክልተኛ የነበረው ጆሴፍ ፓክስተን ነው። መስኮት ከፈተ፣ ሙቀቱን ቀነሰ፣ ተክሎቹን እንደየመጡበት አገር አየር በተለያየ ክፍል አስቀመጠ። እነሱም መኖር ጀመሩ። በአንዳንዶቻችን ሳሎን ውስጥ ግን አሁንም ያ የተዘጋ የመስታወት ቤት አለ።

ወደ ተክላችን። መልሼ የምተክለው በአዲስ የጥድ ወይም የፈር ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድሮ የተነፋ። ይህን የሚሸጡት የአትክልት መደብሮች ናቸው፤ ከረጢቱ ላይ «ኦርኪድ አፈር» የሚል ቢኖር እንኳ ውስጡ እውነተኛ አፈር ካለ አትግዙት። መትከያውን ደግሞ አናሳድገውም። የታመመ ሰው ሰፊ ቤት ይገባዋል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ሥሩ ትንሽ ሆኖ ዕቃው ትልቅ ከሆነ መካከሉ የሚጠጣው አጥቶ ርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ሥሩን ልክ የሚይዝ ይበቃል። ከውጭ የተንጠለጠለውን የአየር ሥር ደግሞ እዚያው ተዉት፤ አታስገቡት፣ አትቁረጡትም።

አንድ የሚያሳዝን ሥራ ቀረን። ይህ የአበባ ዘንግ አሁንም አረንጓዴ ነው፤ ከቆየ ምናልባት ሁለት ሦስት እምቡጥ ሊያወጣ ይችላል። ከሥሩ እቆርጠዋለሁ። እማዬ፣ ይቅርታዎን። ሦስት ሥር ያለው ተክል ማበብ አይገባውም፤ ያለውን ሁሉ አበባ ላይ አውጥቶ ይሞታል። ጤነኛ ለሆነ ፋላኖፕሲስ ዘንጉን ከአንጓው በላይ ቆርጦ እንደገና እንዲያብብ መጠበቅ ይቻላል። ለታመመ ግን አይሆንም።

ምንም ሥር ያልቀረለትስ? ይህም ተስፋ አለው፣ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ረጠብ አድርጋችሁ በደንብ የጨመቃችሁትን ስፋግነም ትንሽ ግልጽ ዕቃ ውስጥ አድርጉ፤ ተክሉን ከላዩ አስቀምጡ እንጂ አትቅበሩት፤ ዙሪያውን ግልጽ ፌስታል ሸፍኑት፤ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግን ብርሃን ያለው ሞቃት ቦታ ይቀመጥ። በየጥቂት ቀኑ ከፈት አድርጋችሁ አየር ስጡት፤ ሻጋታ ካያችሁ ከፍታችሁ ተዉት። ሥር ስለሌለው የሚጠጣበት ነገር የለውም፤ ፌስታሉ የሚያደርገው ከቅጠሉ የሚወጣውን ውሃ መቀነስ ብቻ ነው። ማዳበሪያ በዚህ ጊዜ መርዝ ነው፤ ሥር ለሌለው ተክል ማን ይቀበልለታል?

ውሃ ስንት ጊዜ ልስጥ የሚለው ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ መልሱ በቀን አይቆጠርም። «በሳምንት አንዴ» የሚለው የሻጩ ወረቀት የእናንተን ቤት አያውቀውም። ጥር ላይ ሂተሩ ሲነፍስ ቅርፊቱ ቶሎ ይደርቃል፤ ሐምሌ ላይ አየሩ ሲከብድ ብዙ ይቆያል። ቀጭን ስንጥር እንጨት እስከ መካከሉ ሰክታችሁ ተዉት። ስታወጡት ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ቀዝቀዝ ካለ ገና ነው፤ ደረቅ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ስታጠጡ ደግሞ አትቆጥቡ፤ መታጠቢያው ጋ ወስዳችሁ ለብ ያለ ውሃ በደንብ አፍስሱበት፣ እስኪንጠፈጠፍ ጠብቁት፣ ከዚያ ወደ ቦታው። በረዶ አድርጉበት የሚለውን ምክርም ሰምታችኋል። የኦሃዮ ስቴትና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞክረውት በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ቅርፊት ላይ ለተተከለ ፋላኖፕሲስ ጉዳት እንዳላገኙበት ጽፈዋል፤ ስለዚህ የምታደርጉትን ሰዎች አልጣላም። እኔ ግን አላደርገውም። በዚያ ትንሽ ጠብታ የሚታጠብ ሥር የለም፤ የማዳበሪያው ጨውም እዚያው ይከማቻል።

ማጠጣት የሚሻለው ጠዋት ነው። ማታ ማታ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ቅጠሎቹ በሚገናኙበት ልቡ ላይ ውሃ ተኝቶ ካደረ ልቡ ይበሰብሳል። ውሃ ከገባበት የሶፍት ጫፍ ጠምዝዛችሁ ምጠጡት። በዱር ዘንበል ብሎ ስለሚበቅል ዝናቡ ራሱ ይፈስለታል፤ እኛ ግን ቀጥ አድርገን ስለተከልነው ውሃው መውጫ የለውም።

እዚህ ላይ የእኛን ቤት ብቻ የሚመለከት ነገር ልጨምር። ኤቲሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ ሙዝና ፖም ሲበስሉ ይወጣል፤ ከሰልና እንጨት ሲጤስም ይወጣል። የፋላኖፕሲስ እምቡጥ ይህን ጋዝ አይችልም፤ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። እና ብዙ ቤት ስገባ ኦርኪዱን የማየው የት ነው? ከረከቦቱ አጠገብ፣ ከዕጣን ማጨሻው ጎን፤ ካልሆነም ከሙዙ ሳህን ጋር። ማማሩ ያምራል። እምቡጥ የያዘ ከሆነ ግን ከጭሱ አርቁት። ዕጣኑን ተዉ አልልም፤ ማን ይሰማኛል? የቡና አተላ መጨመርም አለ። ለአፈር አትክልት የሚሆነው ለቅርፊት አይሆንም፤ በቅርፊቶቹ መካከል ያለውን የአየር ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ያ አየር ደግሞ ለዚህ ሥር ከውሃው እኩል ነው።

ቦታው ፀሐይ መውጫን የሚያይ መስኮት ቢሆን ደስ ይለኛል። እጃችሁን ከቅጠሉ አንድ ጫማ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ጥላውን እዩ፤ ጠርዙ ደብዘዝ ያለ ጥላ ከጣለ ብርሃኑ ልክ ነው። ቅጠሉ በጣም የጠቆረ አረንጓዴ ከሆነ ብርሃን አንሶታል፤ ወደ ቀይ ከሄደ በዝቶበታል። ክረምት ላይ ከሂተሩ መውጫ አርቁት፤ ቅጠሉ የመስኮቱን መስታወት እንዳይነካም ጠብቁ። ውሃ እንደ ሽቶ መርጨት የሚወዱ አሉ፤ ለትንሽ ደቂቃ ነው የሚጠቅመው፤ ሂውሚዲፋየር ካላችሁ እሱ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው፤ ሰው የሚያቅተውም ይህ ነው። ፋላኖፕሲስ በዓመት ሁለት ሦስት ቅጠል ቢያወጣ ነው። የተጨማደደው ቅጠል እንደ ድሮው አይሆንም፤ በእሱ አትለኩ። ታች ያለው ቅጠል አንድ አንድ እያለ ቢጫ ሆኖ ቢወድቅም አትደንግጡ፤ እርጅና ነው። መጀመሪያ የምትፈልጉት ከሥሩ ጫፍ ላይ የሚታይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ አዲስ ቡቃያ ነው፤ ሥር። ሥር ሲመጣ አዲስ ቅጠል ይከተላል። ማዳበሪያ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ያውም ጣሳው ላይ ከተጻፈው ሩቡን ያህል በውሃ አቅጥናችሁ። የዳነ ተክል ደግሞ እንዲያብብ ሌሊቱ ትንሽ መቀዝቀዝ አለበት፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ለጥቂት ሳምንታት ከ65 ፋራናይት፣ ማለትም ከ18 ሴልሺየስ አካባቢ ሲወርድ ዘንግ ያወጣል፤ ዘንግ ከወጣ በኋላም እስኪያብብ ሦስት አራት ወር ይፈልጋል። የእናታችን ተክል በሚቀጥለው ዓመት ቢያብብ ቸኩሏል እላለሁ።

መቼ ነው ተስፋ የሚቆረጠው? ልቡ፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ያ መካከለኛ ጫፍ፣ ጠቁሮ ከተነቀለ። ፋላኖፕሲስ ወደ ላይ የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ከጎን ትንሽ ልጅ ያወጣል፤ ለእሱ ብዬ ጥቂት ወር እተወዋለሁ፤ ካላወጣ እጥለዋለሁ። ነጭ ጥጥ የመሰለ ተባይ ካያችሁ ግን ያ የመጣያ ምክንያት አይደለም፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥርግ ጥርግ አድርጉት፤ በሳምንቱ ደግሞ ድገሙት፤ ሌሎቹን ተክሎችም አርቁ።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ አበባውን ለመጨረሻ ተዉት። ከጌጡ ዕቃ አውጥታችሁ በግልጹ ፕላስቲክ በኩል ሥሩን እዩ፤ ብርማና አረንጓዴ ሥር ከበዛ ግዙ። ታች ውሃ ከተኛ፣ ወይም ሥሩ ሁሉ ጠቁሮ ከሆነ፣ አበባው ምንም ያህል ቢያምር መልሳችሁ አስቀምጡት። ግማሹ ያበበ ግማሹ እምቡጥ የሆነውን ምረጡ። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ከገዛችሁ ደግሞ ከሱፐርማርኬቱ በር እስከ መኪናችሁ ባለችው መንገድ እንኳ በወረቀት ጠቅልሉት፤ መኪናውንም አስቀድማችሁ አሙቁ። ውርጭ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጎዳዋል፤ ጉዳቱ ግን የሚታየው ከቀናት በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ቤት ገብቶ ታመመ ትላላችሁ።

ምላጭና ቅርፊት በርከት አድርጌ ይዣለሁ። የታመመ ተክል ይዛችሁ የመጣችሁ እስከ ማዶው ጠረጴዛ ድረስ ተሰለፉ፤ ጥያቄ ያላችሁም እዚያው እየሠራን እንነጋገር።